በእህቷ ቦታ የተቀመጠች

ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ሲጭን፣ አስራ ሰባት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ወጣችና ከኋላ ጥግ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ከልጅቷ ዘንድ የሽንት ሽታ ይመጣል። አንዱ መስኮት ከፈተ፤ አንዷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች፤ አንድ ጎልማሳ «ረዳት፣ ምንድን ነው የጫንክብን?» አለ። ረዳቱም እያፈረ፣ «እህት፣ ወረድ በይና ሌላ መኪና ጠብቂ» አላት። ልጅቷ ፌስታሏን ሰብስባ ለመነሣት ተዘጋጀች።

ከዚያው ከደብረ ወርቅ የተሳፈረች አንዲት ጠይም ሴት ግን ከፊት ወንበሯ ተነሥታ በሰው ጉልበት መሀል እየተሹለከለከች ወደ ኋላ ሄደች። ነጠላዋን አውልቃ አራት አጠፈችና «እስቲ ብድግ በይ» ብላ ከልጅቷ ሥር አነጠፈችው። ራሷም ከአጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ፣ «ጋሼ፣ ሽታው ከከበደዎት መንገዱ ሜዳ ነው፤ እኛ ቀድመን ሞጣ ገብተን እንጠብቅዎታለን» አለችው። ሰው ሣቀ። ሰውየውም ሣቅ ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ይህን ሁሉ ፋንታነሽ ዘመነ ከፊታቸው ካለው ወንበር ሆና አይታለች። ፋንታነሽ ቢቸና ገበያ ላይ ጌሾ ሻጭ ናት። በዚያ ቀን፣ በሁለት ሺህ አስራ አምስት ሚያዝያ ውስጥ፣ ሁለት ጆንያ ጌሾ አስጭና ወደ ሞጣ እየሄደች ነበር። ከኋላዋ ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይድናል እኮ። እኔም አስራ ሁለት ዓመት እንዳንቺ ነበርኩ። ሞጣ አልወርድም፤ ባሕር ዳር ሐኪም ቤቱ በር ድረስ አደርስሻለሁ» ስትላት ሰማች። መልካም ሴት ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት ብላ አሰበች፤ ከዚያ በላይ አላሰበችም።

ግንደወይን መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። ፈታሹ መታወቂያ ሰብስቦ አየና ስም እየጠራ ይመልስ ጀመር። «ስርጉት ዘመነ በላቸው» አለ። ጠይሟ ሴት እጇን ዘረጋች። ጥቂት ቆይቶ «ፋንታነሽ ዘመነ በላቸው» አለ። ሁለቱን መታወቂያዎች አስተያይቶም፣ «እህትማማች ናችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«አይደለንም» አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

መኪናው ከኬላው ካለፈ በኋላ ፋንታነሽ አንገቷን አዙራ ሴትዮዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «አባትሽ የዝግባ ማርያሙ ዘመነ ናቸው?» አለቻት በመጨረሻ።

«ነበሩ።»

«እናትሽስ ውበቴ?»

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። «አንቺ ማነሽ?»

«ፋንታነሽ ነኛ። ስሜን ሰማሽው።»

«ፋንታነሽ ሞታለች» አለች ስርጉት፣ ረጋ ብላ፣ የተሳሳተ ሰው እንደሚታረም። «ጅብ ነው የበላት። ተዝካሯን በልቻለሁ።»

ፋንታነሽ አፏ ላይ የመጣላት፣ «ጠላው እንዴት ነበር?» የሚል ነገር ብቻ ሆነ።

«ቀጭን ነበር» አለች ስርጉት። «ጌሾ አንሶታል።» ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከአጠገቧ የነበረችው ልጅም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ አለቀሰች።

ሁለቱ እህትማማቾች ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ የተገናኙት በዚህ ዓይነት ነው። ስርጉት ልጅቷን ባሕር ዳር አድርሳ በተመለሰች ማግስት ፋንታነሽ ሞጣ ቤቷ ሄደች። ስርጉት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ጥጥ ፈትላ ድርና ማግ ትሸጣለች፤ ከዚያ በተረፋት ጊዜ እንደዚያች ልጅ ያሉትን እየፈለገች ሐኪም ቤት ታደርሳለች። በዚያ በመጀመሪያው ቀን ስለ ልጅነት አንዳቸውም አልጠየቁም። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጥጥ መወደድ፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ተጨዋወቱ። የተራራቀ ሰው አጥብቆ መጠየቅ ነውር የሚመስለው አለ፤ እነሱም እንደዚያ ነበሩ። ደግሞም እያንዳንዳቸው የሌላዋን ኑሮ የሚያውቁት ይመስላቸው ነበር። ፋንታነሽ፣ እህቴ በእናቴ ጉያ አድጋ፣ በወጉ ተድራ ኖራለች ብላ ታምናለች። ስርጉትም ቢቸና እንደምትኖር መኪናው ውስጥ ከሰማች ጀምራ፣ ፋንታነሽ ከተማ ገብታ ተምራ፣ ጫማ አድርጋ ያደገች አድርጋ አስባታለች።

«የቢቸና ዳቦ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል» አለቻት በሁለተኛው ጊዜ፣ ቀልዱን ከቅያሜ ጋር ደባልቃ። «እኛ እዚያ ጭቃ ውስጥ ስንንቦጫረቅ አንቺ እመቤት ሆነሻል።»

ፋንታነሽ የቀኝ እጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ከክንዷ እስከ ጣቶቿ ቆዳዋ ተጨማዶ፣ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ተጣብቀው ቀርተዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቢቸና ዳቦ» አለች ፋንታነሽ።

ከዚያ ነገረቻት። ከቤት በጠፋች ጊዜ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር። አህያ የሚነዱ ገበያተኞችን ተከትላ ቢቸና ገባች፤ ሁለት ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ተጠግታ ከነዳያን ጋር ቆየች። ሰብለ ወንጌል የምትባል ባለ ጠጅ ቤት አይታ «ልጅ አደርግሻለሁ» ብላ ወሰደቻት። ልጅ አላደረገቻትም። አስራ አራት ዓመት ያለ ደመወዝ አሠራቻት። አንድ ብርሌ በሰበረች ቀን የፈላ ውኃ እጇ ላይ ደፋችባት። የሴትዮዋ ወንድም ቤቱን እንደ ራሱ ቤት ይገባና ይወጣ ነበር፤ ፋንታነሽ በአስራ አምስት ዓመቷ ከእሱ ወለደች። ልጅቷን መክሊት አለቻት። ጡት እንደ ጣለች ሰብለ ወንጌል «ሥራ ታስፈታሻለች» ብላ ሮብ ገበያ ወደሚባል ቦታ፣ ወደ ዘመዶቿ ላከቻት። ልጅቷ እዚያ በኩፍኝ ሞተች። ፋንታነሽ የሰማችው ከአርባዋ በኋላ ነው፤ የነገራትም ጠጅ ሊጠጣ የመጣ የሮብ ገበያ ሰው ነው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሳያውቅ፣ እንደ ወሬ።

ስርጉት የእህቷን የተጨማደደ እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ ደግሞ ስቀናብሽ ኖርኩ» አለች። «ከሞትሽ በኋላም እቀናብሽ ነበር። ሞታ አረፈች እል ነበር።»

የራሷን ግን በዚያን ቀን አልተናገረችም። የእሷ ተራ የመጣው በሦስተኛው ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻ ነው። ስርጉት ጥጧን እየፈተለች፣ ዓይኗን ከእንዝርቱ ሳታነሣ፣ «በስድስት ዓመቴ ነው የተዳርኩት» አለች። «ላንቺ በታጨው ሰው።»

ፋንታነሽ ነገሩ ቶሎ አልገባትም። እሷ ስትጠፋ ሠርጉ ፈርሷል፣ ሙሽራው ባዶ እጁን ተመልሷል ብላ ነበር ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የምታስበው። «እንዴት አድርገው?» አለች።

«እማዬ ናታ። እኔ ልጅ ነኝ፤ ሰው ጠላ እያቀመሰኝ ጓዳ ገብቼ ተኝቻለሁ። በሙሽራ ካባና ነጠላ ጠቅልላ አንቺ ቦታ አስቀመጠችኝ። ፊቷን አላየሁም፤ እንቅልፍ ላይ ነኝ። እጇን ግን አስታውሳለሁ፤ ቅቤ ቅቤ ይል ነበር። ስነቃ አንድ ሚዜ ተሸክሞኛል። ጮኽኩ። ሙሽራ ታለቅሳለች አይደል? ወጉ ነው። ባለቀስኩ ቁጥር እልል ይላሉ። "ደግ ልጅ፣ ለአባት ለእናቷ ታለቅሳለች" እያሉ በቅሎ ላይ አወጡኝ። ሚዜው ብቻ "ሙሽራችን ላባ ናት" ብሎ ሲሥቅ ትዝ ይለኛል።»

ፋንታነሽ የያዘችውን ስኒ መሬት ላይ አስቀመጠች።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ፣ ስርጉት ግን የማታውቀው ነገር አለ። በሰባ ዘጠኝ ጥር ወር፣ ሙሽራውና አጃቢዎቹ ዳሱ ውስጥ ሲበሉ፣ ፋንታነሽ ጓዳ ውስጥ ተሸፍና ተቀምጣ ነበር። ራሷ ቅቤ ተቀብቷል፤ እጇም እንደዚሁ። እናቷ ውበቴ ለእንግዳ ወጥ ልታወጣ ከጓዳ ወጥታለች። ትንሿ እህቷ ከጎኗ ተኝታለች። የጓዳው በር በጓሮ ይከፈታል። ፋንታነሽ ማንም ቢመለከት ቦታው ባዶ እንዳይመስል፣ ትንሽ ጊዜ እንድታገኝ፣ ካባውን ከራሷ ላይ አውልቃ እህቷን ጠቀለለቻት፤ ግድግዳውን አስደግፋ አስቀመጠቻት፤ ነጠላውን ከራሷ እስከ አገጯ ሸፈነችላት። ልጅቷ በእንቅልፏ «እታለም» አለቻት። «እሽ፣ ዝም በይ፣ መጣሁ» አለቻትና በጓሮ ወጣች። ሲደርሱባት ገልጠው ያዩዋታል፣ ይሥቃሉ፣ እኔን ይፈልጉኛል፣ አለቀ ብላ ነበር ያሰበችው። ሙሽራ ከቤት ሳትወጣ ፊቷ እንደማይገለጥ፣ ለቅሶዋም እንደማይሰማ ያን ጊዜ አልመጣላትም።

ከሙሽራው ቤት ሲደርሱ ነገሩ ታወቀ። አባታቸው ዘመነ ተጠርቶ ሄደ። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተነጋገሩ። ድግሱ ተበልቷል፣ ቃል ተሰጥቷል፤ ይችም የዚያው አባት ልጅ ናት፣ ልጅ ያድጋል ተባለ። የጠፋችው ደግሞ ጅብ በልቷታል ተባለ፤ ጠፋች ከማለት ሞተች ማለት ለአባቷ ይቀልለው ነበርና።

ስርጉት መፍተሏን ሳታቆም የቀረውን ተናገረች። በአስራ አራት ዓመቷ አራት ቀን አማጠች። ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ እሷም ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት። ባሏ ሌላ አገባ። ከቤቱ በስተጀርባ፣ ከበጎች በረት አጠገብ፣ አንዲት ጎጆ ቀለሱላት። አስራ ሁለት ዓመት ኖረችባት፤ ከወሎ ወደ ሞጣ ተመድባ የመጣች ዘሀራ የምትባል ነርስ በክትባት ዘመቻ አግኝታ፣ ራሷ ይዛ ባሕር ዳር እስክታደርሳት ድረስ። «ዘሀራ ባትመጣ አሁንም እዚያ ነበርኩ» አለች። «ስሟን በጸሎቴ አነሣለሁ። አባቶች ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ አነሣለሁ።»

«እማዬስ?» አለች ፋንታነሽ።

«እማዬ ትመጣ ነበር። ከዝግባ ማርያም በእግሯ፣ በየአስራ አምስት ቀኑ፣ በሶና የአጃ ቂጣ ይዛ። ጎጆው በር ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔ አላናግራትም። አንድ ቀን ድንጋይ ወረወርኩባት፤ እዚህ ጋ፣ ቅንድቧ ላይ አገኘኋት። ደሟን ጠርጋ ቂጣውን አስቀምጣ ሄደች። እንደገናም መጣች። "አንቺ ነሽ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝ" አልኳት። ዝም አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ አይደለሁም አላለችም።»

ፋንታነሽ ያን ቀን ቢቸና ስትመለስ፣ እናቷ ለምን ዝም እንዳለች ገብቷታል። ውበቴ ማን እንደጠቀለላት ታውቃለች፤ ከሁለት ልጆቿ አንዷ ሞታለች፣ የሞተችውን በሕያዋ ዘንድ ማስጠላት አልፈለገችም።

በሐምሌ ተኩስ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ። ቢቸናና ሞጣ መሀል ያለው አገር ለወራት እንደ ባሕር ማዶ ሆነ። ፋንታነሽ እህቷ ትኑር አትኑር ሳታውቅ ከረመች። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ በተንቀሳቀሰው መኪና ሄደች። ስርጉት ከስታ፣ ግን በሕይወት አገኘቻት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ጊዜ ፋንታነሽ ስታሰላስለው የከረመችውን ሐሳብ አመጣች፤ የእናታቸውን ሙት ዓመት ሁለቱ ሆነው ዝግባ ማርያም ላይ ያስቡ፣ ካህናቱ ወለተ ኢየሱስ የሚለውን የክርስትና ስሟን ጠርተው ይጸልዩላት።

«ለእሷ አላዋጣም» አለች ስርጉት።

«ሞታለች እኮ፣ እቴ። ከሞተች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው።»

«ለጎረቤቶቼ እጸልያለሁ። ለባሌም እጸልያለሁ፣ ነፍሱን ይማረውና። ለእሷ ግን አፌ እሺ አይለኝም። ቅዳሴ ላይ ስለ ሙታን ሲጸለይ የሁሉንም ስም አነሣና እሷ ጋ ስደርስ እዘላለሁ። ይህ ኃጢአቴ ከሆነ እሷው ትጠየቅበት።»

ፋንታነሽ ያኔ ልትናገር ነበር። አፏን ከፈተች። ስርጉት ግን የእህቷን የተጨማደደ እጅ አንሥታ በራሷ ጉንጭ ላይ አሳረፈችውና፣ «ደግነቱ አንቺን አገኘሁ» አለቻት። ፋንታነሽ አፏን ዘጋች። ሕይወቷን ሙሉ ደግ ቃል የነገራት ሰው ጥቂት ነው። ይችን አንዷን በአንድ ቃል ልታጣት ነው። ዝም ካለች ደግሞ እናቷ አፈር ውስጥ ሆና በእሷ ፈንታ እንደተጠላች ትቀራለች።

በዚያ ዓመትም በሚቀጥለውም ደጋግማ ሞክራለች። አንድ ጊዜ ስልክ ደውላ «የምነግርሽ ነገር አለ» ካለች በኋላ ስለ ጌሾ ዋጋ አወራች። አንድ ጊዜ ሞጣ ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ አብረው ተቀምጠው ጀመረችው፤ «ያን ቀን በጓሮ ስወጣ» ብላ መሀል ላይ አቆመች። ስርጉት፣ «ተይው፣ አንቺ ያመለጥሽው ለሁለታችንም ነው» አለቻት፤ ያ ደግሞ ባሰ። የንስሐ አባቷን ቄስ ኃይለ ሚካኤልን አማከረች። ቄሱ ሰምተዋት ጾምና ስግደት ሰጧት፤ ፈጽማ ስትመለስም፣ «ለእግዚአብሔር ተናግረሻል፤ ይቅር ይልሻል። እህትሽ ግን አልሰማችም። የእናትሽን ስም የምትመልሺው አንቺ እንጂ እኔ አይደለሁም» አሏት።

ከፋንታነሽ ጌሾ መደብ ጎን የጸሎት መጻሕፍት፣ ማተብና ደብተር የሚሸጥ ሽታሁን የሚባል ሰው አለ። ይህን ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነው። ገበያ በሌለበት ቀን ሁለቱ ተጎራብተው ይቀመጣሉ፤ እሱ ያነብባል፣ እሷ ቅጠል ትለቅማለች። ከላይ የተጻፈውን በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በቁራጭ በቁራጭ፣ እጇ ሥራ ላይ እያለ ነግራዋለች። እንደሚጽፈውም ታውቃለች፤ «ለሰው ከጠቀመ ጻፈው» ብላለች። እሱ እንደሚያምነው፣ እነዚህን ሁለት ሴቶች በአንድ መኪና ያሳፈረ አምላክ ሥራውን ከመንገድ አይተወውም። ፋንታነሽ ግን እንደዚያ አላለችም።

በዘንድሮ ኅዳር ሐሙስ ቀን፣ ገበያው ጭር ባለበት፣ ቅጠሉን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

«አያ ሽታሁን፣ ቅዳሜ ሞጣ እሄዳለሁ።»

«በሰላም ያግባሽ።»

«አንድ ነገር ጻፍልኝ። ይህን የምትጽፈውን ረጅሙን አይደለም። አንድ ወረቀት። በአፌ ማውጣት አቅቶኛል፤ ሞክሬ አይተኸኛል። ማንበብ ግን እችላለሁ፤ ደርግ በግድ መሠረተ ትምህርት አስገብቶኛል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔው ከፊቷ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ወረቀት ከያዝኩ መሀል ላይ ማቆም አልችልም።»

ሽታሁን ደብተሩን አወጣ። «ምን ልበል?»

«ካባውን ያለበስኩሽ እኔ ነኝ። እማዬ አይደለችም። ቅቤው የእኔ እጅ ነው። እማዬ እያወቀች ዝም አለችልኝ።»

ጻፈው። ብዕሩን ሳያነሣ ትንሽ አሰበና፣ «አስራ አንድ ዓመትሽ ነበር ብዬ ልጨምር? ልጅ ነበርሽ እኮ» አላት።

«አትጨምር» አለች ፋንታነሽ። «እሷ ስድስት ነበረች። ፊደሉን ብቻ ጎላ ጎላ አድርግልኝ፤ እያለቀስኩ ነው የማነበው።»